ገና ከካርቶኑ የወጣ ላፕቶፕ ለምን ፎርማት ይደረጋል?

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ሥር ያሉ ትንንሽ ሱቆች ማስታወቂያቸው ተመሳሳይ ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የሞባይል ጥገና፣ «ዊንዶውስ እንጭናለን»። አንዳንዱ «ከነአክቲቬሽኑ» የሚል ይጨምርበታል። ያረጀና የተንቀራፈፈ ኮምፒውተር ወደዚያ ቢሄድ ማንም አይገርመውም። የሚገርመው የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ ያልተላጠ አዲስ ላፕቶፕ ተይዞ ሲመጣ ነው። ደግሞም በብዛት ይመጣል።

ለምን ፎርማት እንደሚያስደርጉት ስትጠይቋቸው መልሱ ከእነዚህ አያልፍም። «ዊንዶውስ 11 ይከብዳል፣ 10 ይሻለኛል።» «ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልከፍትም አለኝ።» «የሒሳብ ፕሮግራሜ፣ ፒችትሪ፣ አልሠራ አለብኝ።» «ይሄ ሆም ነው፣ ፕሮ ይሻላል ብለውኝ።» ሁሉም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ውጤቱን ስታዩት ግን ያናድዳል። ሰውየው ላፕቶፑን ሲገዛ የሕጋዊ ዊንዶውስ ዋጋ አብሮ ከፍሏል። እሱን አስጠፍቶ፣ ሌላ ብር ጨምሮ፣ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ ቁልፍ በማታለያ ፕሮግራም የተከፈተ፣ ያስጭናል። ሁለቴ ከፍሎ የባሰውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ቁልፉ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው

ድሮ የዊንዶውስ ቁልፍ ላፕቶፑ ሆድ ላይ በተለጠፈ ስቲከር ላይ ነበር የሚጻፈው። 25 ፊደልና ቁጥር። ስቲከሩ በሙቀትና በላብ ይደበዝዛል፣ ፊደሉ ይጠፋል፣ ከዚያ ቁልፉም የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ አሠራሩ ተቀየረ። አምራቾች ቁልፉን ገና ፋብሪካ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የባዮስ ቺፕ ላይ መጻፍ ጀመሩ፤ ባዮስ ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሐርድ ዲስኩን ብትነቅሉት፣ አዲስ ኤስኤስዲ ብትገጥሙለት፣ ደጋግማችሁ ፎርማት ብታደርጉት ቁልፉ ከቦታው አይነቃነቅም። ዊንዶውስ ሲጫን ራሱ ፈልጎ ያነበዋል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ከማይክሮሶፍት ጋር ያረጋግጣል። በቃ፣ አክቲቬት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጣው ዊንዶውስ 10 ወዲህ ደግሞ ዲጂታል ላይሰንስ የሚባል ነገር ተጨምሯል። ማሽኑ አንዴ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት ከሆነ ማይክሮሶፍት ያንን ማሽን በሃርድዌሩ ይመዘግበዋል። በሌላ ጊዜ ያው ኤዲሽን፣ ማለትም ሆም ወይም ፕሮ የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት፣ ሲጫንበት ያውቀዋል። ይሄ መብት የሚጠፋው በዋናነት ማዘርቦርዱ ሲቀየር ነው።

እንግዲህ ፎርማት ማድረግ በራሱ ጉዳት የለውም። ነገሩ የሚበላሸው ኤዲሽኑ ላይ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ የቤት ላፕቶፖች ቺፓቸው ላይ የተጻፈው የሆም ቁልፍ ነው። የሰፈሩ ባለሙያ ፍላሽ ላይ ያለው ደግሞ ፕሮ ነው። ንጹሑ የማይክሮሶፍት ፋይል ቢሆን ኖሮ ቺፑ ላይ ያለውን ቁልፍ አንብቦ ሆምን ራሱ ይመርጥ ነበር። ግን ፍላሹ ላይ ያለው አንድ ሰው የከረከመው፣ ፕሮ ብቻ የቀረበት «ላይት» የሚባለው ዓይነት ነው። የሆም ቁልፍ ፕሮን አይከፍትም። ስለዚህ ስክሪኑ ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚለው ፈዛዛ ጽሑፍ ይመጣል። ባለሙያው አያመነታም፤ እዚያው ፍላሽ ላይ ያለችውን ክራክ ይከፍታል። ጽሑፉ ይጠፋል፣ ደንበኛው ይደሰታል፣ ሒሳብ ይዘጋል።

ባለቤቱ የተነጠቀውን አያውቅም። ላይሰንሱ እኮ አሁንም ቺፑ ላይ ተቀምጧል። ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ክራኳ ምን ትሠራለች?

አብዛኞቹ ክራኮች የሚኮርጁት ኬኤምኤስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት አሠራር ነው። የተሠራው ለትልልቅ ድርጅቶች ነው። አንድ ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኮምፒውተር ሲኖረው እያንዳንዱን ለየብቻ አክቲቬት ከማድረግ ይልቅ በግቢው ውስጥ አንድ ሰርቨር ያቆማል። ኮምፒውተሮቹ እየሄዱ ከእሱ ፈቃድ ይወስዳሉ። ፈቃዱ 180 ቀን ይቆያል፤ በየጊዜውም ይታደሳል። ክራኳ እንግዲህ ላፕቶፑ ውስጥ የውሸት ሰርቨር ታቆማለች። ማሽኑ የድርጅት ሠራተኛ የሆነ ይመስለዋል። ስድስት ወር አካባቢ ሲሞላው አንዳንዱ እንደገና «አክቲቬት አድርጉኝ» ማለት የሚጀምረውም ለዚሁ ነው።

ይሄን ለማየት ባለሙያ አያስፈልግም። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን ግቡ። «በዲጂታል ላይሰንስ ነቅቷል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካገኛችሁ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። «በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት» የሚል ከሆነና ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ካልሆነ፣ ያ ድርጅት የት እንዳለ ራሳችሁን ጠይቁ።

ክራኳ ሥራ ከመጀመሯ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ የዊንዶውስን የራሱን ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ አጥፉልኝ ትላለች። ጠባቂውን አስወጥቶ በሩን ከፍቶ መተኛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የሳይበር ደኅንነት ተመራማሪዎች ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው ታዋቂ ክራክ ስም የሚሠራጭ ፋይል ውስጥ ክሪፕትቦት የተባለ ሌባ ሶፍትዌር አግኝተዋል። ብሮውዘር ላይ የተቀመጠ ፓስዎርድ ይሰበስባል። አሁን ይሄን ከእኛ ሰፈር ጋር አያይዙት። በየኮንዶሚኒየሙ ለአምስት ለስድስት ነጋዴ ሒሳብ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ አለ። የደንበኞቹ የኢ-ታክስ ፓስዎርድ በሙሉ አንድ ክሮም ላይ ሴቭ ተደርጓል። ዲፌንደሩ ጠፍቷል። የራሱ ገመና ብቻ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቃል። የሰፈር ላፕቶፕ ሲፈተሽ ግን አይታይም። ሰው ክራክ የሚጠቀመው ሕግ ስለናቀ ነው ብዬ አላምንም። የዊንዶውስ 11 ሆም መደበኛ ዋጋ በአሜሪካ 139 ዶላር ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 20 ሺህ 850 ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በፊት በነበረው 57 ብር ገደማ ብናሰላው 8 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ብሩ ቢገኝ እንኳ ተራ የብር ሒሳብ ካርድ ውጭ ኦንላይን ግዢ ላይ ብዙም አያራምድም። ላይሰንስ ለሌለው ማሽን ክራክ መጫንን ባልደግፈውም እረዳዋለሁ። ላይሰንስ ላለው ማሽን መጫን ግን ድርቅና ነው።

10 ይሻላል የሚለው ነገር

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል። በ4 ጊጋ የሞከረው ሰው ግን «ይከብዳል» ሲል አይዋሽም። 8 ጊጋ ከሌለ ክሮምና ዎርድ አብረው ሲከፈቱ ማሽኑ ያቃስታል። ርካሽ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባለ 4 ናቸው። መድኃኒቱ ከተቻለ ራም መጨመር ነው። ወደ 10 መመለስ ለጊዜው ያስታግሳል። ግን የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ለዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት በምዝገባ የሚሰጠው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ድረስ ነው። በዚያ ላይ አምራቾች ለአዳዲስ ላፕቶፖች የሚያወጡት ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ በአብዛኛው ለ11 ነው። 10 ተጭኖበት ድምፅ የማይሰማ፣ ታችፓዱ የማይሠራ አዲስ ላፕቶፕ ማለት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ፒችትሪ የሚሉት ግን እውነተኛ ጉዳይ አላቸው። ፕሮግራሙ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ጋ አሁንም ፒችትሪ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ላይም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። የሚሠራበት ቅጂ ደግሞ የዛሬ 15 ዓመት ገደማ የወጣው ነው። እሱ የተሠራው ለዊንዶውስ ኤክስፒና ለ7 ነው። በ11 ላይ ዳታቤዙ አልነሳም ሲል ጥፋቱ የ11 አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አዲሱን ላፕቶፕ በሙሉ ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ አሮጌውን ማሽን ኢንተርኔት ሳያገናኙ ለሒሳብ ብቻ ማስቀረት ይሻላል። ብዙ የሒሳብ ሰዎች ይሄን ሐሳብ አይወዱትም፤ ሁለት ላፕቶፕ መሸከም ያስጠላል። ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ርካሽ መንገድ አላየሁም።

48ቱ ቁጥሮች ማን ጋ ናቸው?

ከላይሰንሱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

ዊንዶውስ 11 በ24ኤች2 ስሪቱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ፣ አዲስ ሲጫን ዲስኩን ሳይጠይቅ ይቆልፋል። በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዳታው በሙሉ ኢንክሪፕት ይደረጋል። ይሄ ሥራ ቢትሎከር ይባላል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ዲስኩን ነቅሎ ፋይላችሁን ማንበብ አይችልም። ጥሩ ነገር ነው። ማሽኑ ድንገት ቢጠራጠር መክፈቻ የሚሆን ባለ 48 አሐዝ ቁጥር ደግሞ ወደ አካውንቱ ይላካል።

የማን አካውንት? ጥያቄው እሱ ነው።

ከከተማ ዳር ያለ ሰው ላፕቶፕ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ መገናኛ፣ ቦሌ ወይም መርካቶ ነው። ኮዬ ድረስ ተመልሶ ችግር ቢገኝበት እንደገና ታክሲ ተሰልፎ መሄድ አለ። ስለዚህ «እዚሁ አስተካክለህ ስጠኝ፣ ሁሉን ነገር ጨርስልኝ» ይላል። የሱቁ ልጅ ይጨርስለታል። አካውንት ሲጠይቀው በራሱ ኢሜይል ይገባል። ወይ ደግሞ እዚያው አንድ ኢሜይል ይፈጥርና ስሙንም ፓስዎርዱንም ሳይነግረው፣ ራሱም ሳይይዘው ይረሳዋል። ክፋት አይደለም። ሰልፍ አለ፣ ደንበኛ ቆሟል፣ ቶሎ መጨረስ አለበት። ግን ያ 48 ቁጥር የሄደው ወደዚያ ኢሜይል ነው።

አንድ የሰፈር ጥገና ቤት ውስጥ እንዲህ ሲባባሉ ሰምቻለሁ። አንዲት ትልቅ ሴት ላፕቶፕ ይዘው መጥተዋል። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቁጥር ይጠይቃል።

«እትዬ፣ ቁጥሩን ኢሜይልዎ ላይ ይዩልኝ፤ ከዚያ በደቂቃ እከፍተዋለሁ።»

«የቱ ኢሜይል፣ ልጄ? የገዛሁበት ሱቅ ያለው ልጅ ነው የከፈተልኝ።»

«ስልኩ አለዎት?»

«ደወልኩለት እኮ። ከዚያ ሱቅ ወጥቷል አሉኝ።»

ልጁ ዝም አለ። ሊላቸው የሚችለው ነገር ስላልነበረ ነው። ያንን ቁጥር የሚተካ ነገር የለም። ማይክሮሶፍትም ቢጠየቅ አያወጣውም። ማሽኑ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ይሠራል፤ ፎቶው፣ ሰነዱ፣ ለዕቁብ የያዙት ሒሳብ ግን ሄዷል።

ማሽኑ ቁጥር የሚጠይቀው መቼ ነው? ባዮስ አፕዴት ሲደረግ፣ ማዘርቦርድ ሲቀየር፣ ማሽኑ ሲነሳ የማይታወቅ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚጠብቀው ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ልብ በሉት። ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጫን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ስለዚህ ዊንዶውስን ከሌላ ጋር ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ያሰበ ሰው ማንኛውንም የባዮስ ነገር ከመንካቱ በፊት 48ቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይገልብጥ። የማይክሮሶፍት አካውንት ገጻችሁ ላይ፣ ዲቫይስስ በሚለው ሥር ታገኟቸዋላችሁ። እዚያ ከሌሉ ዲስኩ ወይ አልተቆለፈም፣ ወይ በሌላ ሰው ስም ነው የተቆለፈው። ዛሬውኑ፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ፣ ኢንክሪፕሽኑን አጥፍታችሁ በራሳችሁ አካውንት እንደገና አብሩት።

ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልከፍትም

ይሄ ቅሬታ የዳር ሰፈር ቅሬታ ነው። ዊንዶውስ 11 ሲጀመር ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። መሀል ከተማ ዋይፋይ ያለበት ቢሮ ውስጥ ማንም ልብ አይለውም። ፋይበር ያልገባበት ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው ፎርማት ተደርጎ እንደገና ሲጫን ይመጣል፤ የዋይፋይ ድራይቨሩ የለም፣ ስለዚህ ኔትወርክ የሚባል ነገር አይታይም። ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨር ለማግኘት ኢንተርኔት።

መውጫው ቀላል ነው። ስልኩን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ድራይቨር ሳይፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ ዊንዶውስ መረቡን እንዳገኘ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል፣ የቀን ጥቅላችሁን በአንድ ጉርሻ ይጨርሰዋል። ሴቲንግስ ውስጥ ግንኙነቱን «ሚተርድ» (በልክ የሚከፈልበት) አድርጉት፣ ይረጋጋል። ትልቁን አፕዴት ለሌሊት ጥቅል አቆዩት። የላፕቶፑን ባትሪ ደግሞ አስቀድማችሁ ሙሉ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ባዮስ አፕዴት መሀል ላይ ማሽን ከጠፋ ደግሞ ጣጣው የዊንዶውስ ሳይሆን የማዘርቦርድ ይሆናል።

ፍላሽ ከሰው ከመዋስ ይልቅ ራሳችሁ ብታዘጋጁት ጥሩ ነው። የዊንዶውስ ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ በነጻ ይወርዳል። የሚሸጠው ላይሰንሱ ነው፤ ፋይሉ ራሱ ነጻ ነው። 5 ጊጋ ያልፋል፤ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል። አንዱ ጎረቤት መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ኔት ሲያገኝ አንዴ ቢያወርደው ለሙሉ ብሎኩ ይሆናል። አሁን በየሱቁ እጅ በእጅ የሚዞረው ፍላሽ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቅ የለም።

አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ተዘጋጅቶ መጫን ሲጀመር «ዲስክ አልተገኘም» ይላል። ከኢንቴል 11ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ወዲህ ያሉ ብዙ ላፕቶፖች ቪኤምዲ የሚባል የዲስክ አያያዝ አላቸው። የመጫኛው ፋይል ድራይቨሩን ስለማያውቅ ኤስኤስዲው አይታየውም። ባለሙያው «ሐርድ ዲስኩ ተቃጥሏል» ቢላችሁ ወዲያው ገንዘብ አታውጡ። ከአምራቹ ገጽ የኢንቴል ስቶሬጅ ድራይቨር አውርዶ ፍላሹ ላይ ማስገባት ነው መፍትሔው።

ሊኑክስ ለማን?

ላፕቶፑ በዊንዶውስ ፈንታ ፍሪዶስ የሚባል ትንሽ ነጻ ሲስተም ይዞ ከመጣ ነገሩ ይለያል። እነዚህ ከባለ ዊንዶውሱ ይረክሳሉ፤ ላይሰንስ ስለሌላቸው። ሻጩ «ዊንዶውስ ጭኜልህ ነው የምሰጥህ» ካለ ክራክ እየሰጣችሁ ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ነው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ በደንብ ማሰብ ያለብን።

ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ አክቲቬሽን የሚባል ነገር አያውቅም። ቁልፍ የለም፣ 180 ቀን የለም፣ ስክሪን ጥግ ላይ የሚመጣ ጽሑፍ የለም። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 የወጣው 24.04 ለ5 ዓመት የደኅንነት አፕዴት ያገኛል። ሴኪዩር ቡትን ሳታጠፉ ይጫናል፤ አጥፉት የሚሉት ምክሮች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። ተማሪ ለሆነ፣ ብሮውዘርና ዎርድ ለሚበቃው፣ ፕሮግራሚንግ ለሚማር ሰው ከክራክ ዊንዶውስ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አማርኛውስ? ኪቦርዱ ከሲስተሙ ጋር ይመጣል፣ ወይም በቀላሉ ይጨመራል። ሊብሬኦፊስ የአማርኛ ገጽታም አለው። የሚያስቸግረው የድሮው ሰነድ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ለብዙ ዓመት በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የጻፉት ሰነድ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚረዳው የፊደል አሠራር) ያልሆነም አለበት። ፎንቱ ከሌለ ሲከፈት የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ፎንቱን ብትጭኑም ፓወር ግዕዝ ራሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ እንደለመዳችሁት መጻፍ አትችሉም። ደብዳቤ የሚመላለስበት የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ይሄን ችላ ብሎ ሊኑክስ ቢጭን ሰኞ ጠዋት ይጸጸታል። ለፒችትሪና ለአውቶካድ ሰዎችም ያው ነው። እነሱ ዊንዶውስ ላይ ይቆዩ።

ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ ሰዎች የሚገጥማቸው አንድ አስቂኝ ነገር አለ። ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ኡቡንቱ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ መለኪያ ያስቀምጠዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከዚያ 3 ሰዓት እንቀድማለን። መቼስ እኛ ሰው በሐበሻ ሰዓትና በፈረንጅ ሰዓት መሀል 6 ሰዓት እየቀነሰና እየጨመረ ስለሚኖር፣ ላፕቶፑ ተሳስቶም ቶሎ የሚነቃበት የለም። ኡቡንቱን «የአካባቢ ሰዓት ተጠቀም» ብሎ በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል።

ዊንዶውስ የግድ ለሚያስፈልገውና አዲስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከውጭ ድርጅቶች ወጥተው የሚመጡት «ስላይትሊ ዩዝድ» ላፕቶፖች፣ እንደ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ያሉት፣ ብዙዎቹ ቺፓቸው ላይ የፕሮ ቁልፍ አለ። የኢንቴል ፕሮሰሰራቸው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ከሆነ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላሉ። ገበያው ውስጥ «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይጠየቃል። «ላይሰንሱስ የየትኛው ኤዲሽን ነው?» የሚለው ግን እምብዛም አይሰማም።

ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት፣ ላፕቶፑን አስከፍታችሁ የአክቲቬሽን ገጹን እዩ። አካውንቱን በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፤ ሻጩ ቢቸኩልም ይጠብቅ። ሰፈር ያለውን ባለሙያም በሌላ መንገድ ጠይቁት። «ዊንዶውስ ጫንልኝ» ካላችሁት ይጭናል፤ የሚከፈለው ለመጫን ነው። «ያለውን ሳትነካ አስተካክልልኝ፣ ፋይሌን ከአሮጌው አምጣልኝ፣ የጊዜህን እከፍልሃለሁ» በሉት። ያንኑ ብር ያገኛል።